ድክ ድክ የሚል ልጅ ከማን ጋር ይጫወት?
በቂሊንጦ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የወላጅና የሕፃን ጨዋታ፦ ዳሰሳ

አራስን ማጫወት እናውቅበታለን። እሹሩሩ አለን፣ አንቀልባ አለን። ልጁ ግድግዳ ተደግፎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆም ቤቱ በሙሉ «ወፌ ቆመች» እያለ ያጨበጭብለታል። ሰባት ስምንት ዓመት የሞላው ልጅም ጨዋታ አያጣም። ሰኞ ማክሰኞ፣ ብይ፣ ቃጤ፣ ገመድ ዝላይ፣ አኩኩሉ፣ የጨርቅ ኳስ፣ ሁሉም የእሱ ነው። በመሀል ያለውስ? ከቆመበት ቀን አንስቶ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ድክ ድክ የሚለው፣ ያገኘውን አፉ ውስጥ የሚከተው፣ አንዱን ነገር ሃያ ጊዜ የሚደጋግመው ልጅ ከአዋቂ ጋር የሚጫወተው ምንድን ነው? እሽኮኮ አለ፣ መኮርኮር አለ፤ ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ቶሎ ያልቅብናል።

ይህ የሆነው ወላጆቻችን ለልጅ ግድ ስላልነበራቸው አይደለም። በዚያ ዕድሜ ልጁን የሚያጫውተው ሌላ ሰው ስለነበረ ነው። እናት ጡት ካስጣለች በኋላ ልጁ ለታላቅ እህቱ ይሰጣል፤ እሷም አዝላው ሰኞ ማክሰኞ ትዘላለች፣ እቃቃ ስትጫወት «ልጅ» አድርጋ ታስቀምጠዋለች። ግቢው በር አለው፤ በበሩ በኩል መኪና አይገባም። ጎረቤት ሁሉ ዓይን ነው፤ የሰው ልጅ መቆጣትም ሆነ ማጉረስ የማንም መብት ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ምሁር ዴቪድ ላንሲ ስለ ልጅነት በጻፉት መጽሐፍ እንዳሳዩት በብዙ የዓለም ማኅበረሰቦች ሕፃን የሚጫወተው ከታላላቆቹ ጋር ነው፤ እናት ወለል ላይ ተቀምጣ ከልጇ ጋር ስትጫወት ማየት በአብዛኛው ዓለም ብርቅ ነው። እኔም ከላንሲ ጋር የምስማማው እዚህ ድረስ ነው። የድሮው ሥርዓት ጉድለት አልነበረበትም፣ ይሠራ ነበር። ነገር ግን የሚሠራው ግቢ፣ ታላቅ እህትና ጎረቤት ሲኖሩ ነው።

ቂሊንጦ ላይ ሦስቱም ሳስተዋል። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ዳር፣ የጤፍ ማሳ በነበረ ጥቁር አፈር ላይ የቆሙት ኮንዶሚኒየሞች ከመሀል ከተማ የተነሡ፣ ዕጣ የደረሳቸውና የተከራዩ ቤተሰቦችን አሰባስበዋል። በዙሪያቸው ለመድኃኒት አምራቾች የተገነባው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲውና አገር በስሙ የሚያውቀው ማረሚያ ቤት አሉ። ወላጆች በማለዳ ወጥተው በምሽት ይመለሳሉ። ሕፃኑ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሞግዚት ጋር ይውላል፤ ሊፍት የለም፣ ደረጃው ለአጭር እግር ከፍ ይላል፣ በብሎኮቹ መሀል ያለው ክፍት ቦታ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጫማ የሚነቅል ጭቃ ነው። ታላቅ እህት ካለች ትምህርት ቤት ናት። ጎረቤት አለ፣ በሩ ግን ዝግ ነው። በዚህ አኗኗር ልጁን የሚያጫውተው ወላጁ ካልሆነ፣ የሚያጫውተው ስልክ ነው።

ስለዚህ «ወላጅ ከሕፃን ጋር መጫወት አለበት ወይ» የሚለው የፈረንጅ ቅብጠት ጥያቄ አይደለም። የሰፈራችን ሁኔታ ያመጣው ነው። መልስ የሚሰጡ ጥናቶችም አሉ፤ አንዳንዶቹ የራሳችን ናቸው።

በብዛት የሚጠቀሰው የጃማይካው ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 በኪንግስተን ድሃ ሰፈሮች፣ ከ9 እስከ 24 ወር ዕድሜ ያላቸው 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ተመዘገቡ። ሳሊ ግራንተም ማግሬገርና ባልደረቦቻቸው ሕፃናቱን በቡድን ከፈሉ፤ ለአንዳንዱ ተጨማሪ ምግብ፣ ለአንዳንዱ ጨዋታ፣ ለአንዳንዱ ሁለቱም ተሰጠ፣ አንዱ ቡድን ምንም አልተሰጠውም። ጨዋታ ማለት ደግሞ አንዲት የጤና ሠራተኛ በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ያህል ቤት ድረስ እየሄደች፣ ለሁለት ዓመት፣ እናት ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወት ማሳየት ነበር። መጫወቻዎቹ ከተጣለ ዕቃ በእጅ የተሠሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው ክትትል እንደሚያሳየው፣ ጨዋታ የደረሳቸው ሕፃናት 22 ዓመት ሲሞላቸው ገቢያቸው ካልደረሳቸው በ25 በመቶ ይበልጥ ነበር። ምግብ ብቻ የተሰጣቸው ይህን የመሰለ የዘለቀ ለውጥ አላሳዩም። ምግብ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ምግብ ያለ ጨዋታ ግማሽ መንገድ ብቻ ይወስዳል ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ፕኒና ክላይንና ሄኒንግ ሪዬ በአዲስ አበባ ድሃ ሰፈር ከእናቶችና ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ካላቸው ልጆቻቸው ጋር የሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሟል። ለእኔ ከጃማይካው ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱም መጫወቻ አላከፋፈለም። እናቶቹ ራሳቸው በቀን ውሏቸው ከልጃቸው ጋር የሚያደርጉት ነገር በቪዲዮ እየተቀረጸ መልሶ ታያቸው፤ መልካም ያደረጉት ተነገራቸው፣ እሱን እንዲያበዙ ተበረታቱ። የሚፈለገው አምስት ነገር ነበር፦ ልጁ የሚያየውን አብሮ ማየት፣ ላየው ነገር ስሜትና ትርጉም መስጠት፣ ነገሩን ከሌላ ነገር ጋር ማገናኘት፣ ሲሳካለት የተሳካለትን ነገር ጠቅሶ ማመስገን፣ ከመጣደፍ ይልቅ ቅደም ተከተል እንዲይዝ ማገዝ። በጅማ ደግሞ ብርሃኑ ንጉሤ ወርቁና ባልደረቦቻቸው በከፋ ድህነት ውስጥ ላሉ ቤተሰቦች ሕፃናት ቤታቸው ድረስ ጨዋታ ወስደው እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱን አሳትመዋል። መለኪያቸው ዴንቨር የሚባለው፣ አሜሪካ ተሠርቶ ለጅማ ኑሮ እንዲስማማ የታረመ መመዘኛ ነበር፤ የተጫወቱት ሕፃናት ካልተጫወቱት የተሻለ እድገት አሳይተዋል።

ከሦስቱ ጥናቶች የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ ለውጡን ያመጣው ዕቃው አይደለም፣ አዋቂው ነው። መርካቶ ወርዶ በባትሪ የሚጮህ መኪና ገዝቶ መምጣት ልጁን ለአሥር ደቂቃ ያስደስታል፤ ባትሪው ሲያልቅ አብሮ ያበቃል። የልጁን እጅ ተከትሎ «አይ፣ ከደንከው! ክዳኑ ገባ!» የሚል አዋቂ ግን አያልቅበትም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2012 ለጤና ሠራተኞች ያዘጋጁት መምሪያም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ የሚመክረው ጨዋታ ሁሉ በድሃ ቤት በሚገኝ ዕቃ የሚሆን ነው።

እንግዲህ ወደ ጨዋታው እንግባ። ከሁሉ በፊት ማድ ቤቱን አነሣለሁ፣ ምክንያቱም ጊዜ የሌለው ወላጅ ሌላ ቦታ አያገኝም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል፤ እውነት ነው፣ አይበቃም። ለራት ግን አይደለም የሚያቦካው። የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ትንሽ ሊጥ ሲሰጠው ይጨምቃል፣ ይደበድባል፣ ይጎትታል፤ ጣቱ የሚጠነክረው በዚያ ነው። አተር እሸት በወቅቱ ከተገኘ እናት ትከፍታለች፣ ልጁ ፍሬውን ወደ ሳህን ይጥላል። ድንች በውኃ ያጥባል። ትሪ ላይ ዱቄት በስሱ ከነዙለት በጣቱ መንገድ ይሠራበታል፤ ያጠፋዋል፤ እንደገና ይሠራል። ሽንኩርት ሲላጥ ልጣጩን ይሰበስባል። እናት እየሠራች ትናገራለች፦ «ይቺ ትልቅ ናት፣ ይቺ ትንሽ። ይቺ ቀዝቃዛ ናት፣ ንካት።» ክላይንና ሪዬ የዘረዘሩት አምስቱም ነገር ድንች ሲታጠብ ውስጥ አለ፤ ተጨማሪ ሰዓትም አይጠይቅም። ሥራው ይዘገያል፣ ወለሉ ይቆሽሻል። ይህ ዋጋው ነው፣ ቢከፈል ደስ ይለኛል።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለ፣ በቀልድ የሚታይ አይደለም። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ኮሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ሳንቲም፣ የጠርሙስ ቆርኪ ሦስት ዓመት ባልሞላው ልጅ ጉሮሮ ውስጥ ይሰነቀራሉ። አተር የሚፈለፍል ልጅ አጠገቡ ሰው ይቀመጥ፤ ስልክ ለማንሣት እንኳ ከተነሡ ሳህኑ አብሮ ይነሣ። ምድጃና የቡና ፍም ከልጁ ክንድ ርቀት ውጭ ይሁኑ። ቂሊንጦ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በየቤቱ በርሜልና ባልዲ ሞልቶ ይቀመጣል፤ ሕፃን ጥቂት ጣት በሚሆን ውኃ ውስጥ እንኳ ሊሰጥም ስለሚችል ክዳን የሌለው ባልዲ ወለል ላይ መዋል የለበትም። በረንዳው ላይ የሚወጣበት ወንበር ወይም ጀሪካን አይቀመጥ።

ውኃ ግን ከጨዋታ ሁሉ የላቀ ጨዋታ ነው። እግር ማጠቢያ ሳፋ፣ ሁለት የፕላስቲክ ኩባያ፣ አንድ ቀዳዳ ያለው ቆርቆሮ፤ አለቀ። ከአንዱ ወደ አንዱ መገልበጥ፣ መሙላት፣ መድፋት የዚህ ዕድሜ ዋና ሥራ ነው። ውኃው ውድ ነው የሚል ወላጅ ትክክል ነው፤ ስለዚህ ልብስ ከታጠበ በኋላ ያለቀለቁበትን ውኃ ይስጡት፣ ኋላ ደረጃው ይወለወልበታል።

መደበቅም አለ። ነጠላን ፊት ላይ ጥሎ መግለጥ ገና ለማይራመደው ነው፤ ለሚራመደው ማንኪያውን ከሦስት ኩባያ በአንዱ ሥር መደበቅ፣ ከዚያ ራስን ከመጋረጃ ኋላ መደበቅ ይከተላል። የሁለት ዓመት ልጅ ተደብቆ እግሩ ይታያል፤ «የት ሄደ ይሆን?» እያሉ አልጋ ሥር መፈለግ የሱን ሳቅ ይወልዳል። በኋላ ትልቅ ሲሆን ለሚጫወተው አኩኩሉ መንደርደሪያው ይህ ነው። ኳስ ማንከባለልም እንዲሁ፦ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ሞልቶ የተሰፋ ኳስ ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ መስታወት አይሰብርም፣ ታች ያለውን ጎረቤትም አይረብሽም። ተራ መጠበቅን የሚያስተምር ከዚህ የቀለለ መንገድ አላውቅም፤ «አሁን ያንተ፣ አሁን የእኔ።»

ዘፈንና ጭፈራ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም፣ ኢትዮጵያዊ ቤት ውስጥ ራሱ ይመጣል። ልጅ ትከሻውን ለመነቅነቅ ሲሞክር ሁሉም ይስቃል፣ እሱም ይደግማል። የምለምነው አንድ ነገር ቢኖር ልጁ ለእንግዳ ትርኢት እንዲያቀርብ ብቻ አይሁን፤ አባት ሸሚዙን ሳያወልቅ አብሮ ይውረግረግ።

እቃቃ የሚጀምረው ከሁለት ዓመት ወዲያ ነው፣ ግን ከዚያ በፊት ቡቃያው ይታያል። ልጁ ባዶ ሲኒ አንሥቶ ይጠጣል፣ ለእናቱም ያጠጣታል። በዚያች ሰዓት እናት «እሰይ፣ ጣፋጭ ነው! ስኳር ጨምርልኝ» ካለች፣ ልጁ የሌለ ነገር በአእምሮው መፍጠርን ጀመረ፤ ማንበብና መቁጠር የሚቆሙት በዚህ መሠረት ላይ ነው። የተሰበረ ጀበና፣ የፕላስቲክ ሲኒ፣ ለረከቦት የሚሆን ካርቶን ካለ የቡና ሥርዓቱ ሙሉ ነው። ልጁ የሚመስለው የሚያየውን ነው፤ ቤት ውስጥ የሚያየው ስልክ መጎርጎር ከሆነ የሳሙናውን ካርቶን ይዞ ይጎረጉራል።

ከቤት ውጭ ያለው ጨዋታ ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፣ እሱም መራመድ። ከብሎኩ እስከ ሱቁ ያለው መንገድ ለአዋቂ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ለሕፃን ግማሽ ሰዓት ይሁንለት። አህያ ጭነት ይዛ ታልፋለች፣ ባጃጅ ይቆማል፣ በግ ሣር ይነጫል፣ ጉንዳን ይሰለፋል። ይቁም፣ ይይ፣ ይጠይቅ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ በቀን በድምሩ ቢያንስ 180 ደቂቃ በእንቅስቃሴ እንዲያሳልፍ ይመክራል። ፎቅ ላይ ተዘግቶ የሚውል ልጅ ይህን አያገኝም። ደረጃ መውጣትና መውረድ ራሱ ጨዋታ ሊሆን ይችላል፤ እጁን ይዘው እየቆጠሩ ይውጡ።

ይኸው መመሪያ ስለ ስክሪንም ይናገራል። ሁለት ዓመት ላልሞላው ምንም፣ ለሁለት ዓመት ልጅ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ፣ ባነሰ ቁጥርም የተሻለ። «ስልክ ካልሰጠሁት አይበላም» የሚለው ምሬት በየቤቱ አለ፤ የሚያጎርሰው ሰው ብቻውን ሆኖ ሌላ ሥራም ሲጠብቀው መፍትሔ የሚመስለው ይህ ብቻ ነው፣ ይገባኛል። ቢሆንም ስልክ እያየ የሚበላ ልጅ ጉርሻውንም የሚያጎርሰውንም አያይም። ከ1998 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተሠራው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት በአማርኛ ለልጆች ከተዘጋጁት ሁሉ ክብር የሚገባው ነው፤ ለሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ላሉት ከወላጅ ጋር ቢታይ እሰየው። የሁለት ዓመት ልጅ ግን ከቴሌቪዥን ቃል የሚማረው ከሰው አፍ ከሚማረው እጅግ ያነሰ ነው።

ከተማዋ ዝም አላለችም። የአዲስ አበባ አስተዳደር በ2014 ዓ.ም. የጀመረው የቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራም አነስተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች 330 ሺህ ያህል ሕፃናትን ለመድረስ ያለመ ነው፤ የሠለጠኑ ሴቶች ቤት ለቤት እየሄዱ ወላጆችን ይመክራሉ፣ የሕፃናት ማቆያዎችና የመጫወቻ ቦታዎች ይሠራሉ፣ በበዓልና በእሑድ አንዳንድ መንገዶች ለልጆች ይዘጋሉ። የጃማይካው ሐሳብ በከተማ ደረጃ ሲሠራበት ማየት የሚያኮራ ነው። ቅሬታዬ ስለ መጫወቻ ቦታዎቹ ነው። የብረት መንሸራተቻና ዥዋዥዌ ለስድስት ዓመት ልጅ የተለኩ ናቸው፤ ድክ ድክ የሚለው ሲጠጋ ይገፋል ወይም ይመታል፣ እናትም ታቅፋው ትመለሳለች። ለትንንሾቹ አጥር ያለው የአሸዋ ጥግ፣ ዝቅ ያለ ግንድ፣ ለሚያጫውተው ሰው የሚሆን አግዳሚ ወንበር ከብረቱ በጣም ይረክሳል። የወዳጅነት ፓርክን የመሰሉ ያማሩ ቦታዎች መሀል ከተማ አሉ፤ ከቂሊንጦ ታክሲ ቀያይሮ ሕፃን ይዞ መሄድ ግን የዓመት በዓል ጉዞ እንጂ የዕለት ጨዋታ አይሆንም።

አባቶችን በተመለከተ ሕጉ ራሱ ይናገራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲሰጥ ለአባት የሰጠው ሦስት ተከታታይ ቀን ነው። አዋጁ አባትን እንግዳ አድርጎ ስለጀመረ እንግዳ ሆኖ እንዲቀጥል ግን አልተገደደም። በፈረቃ የሚሠራ አባት ከሰዓት ቤት የሚገኝበት ቀን አለው፤ ያችን ሰዓት እንቅልፍና ስልክ ሳይወስዷት ሩቧን ለልጁ ቢሰጥ፣ እሽኮኮ አድርጎ ደረጃ ቢያወርደው፣ ልጁ ከእናቱ የማያገኘውን ያገኛል። አባቶች ሲያጫውቱ ይበልጥ ይወረውራሉ፣ ይታገላሉ፣ ያሯሩጣሉ፤ ይህም የጨዋታ ዓይነት ነው።

ብዙ ጊዜ የምትረሳው ግን ሞግዚቷ ናት። ቂሊንጦ ውስጥ ብዙ ሕፃን ከነቃበት ሰዓት አብዛኛውን የሚያሳልፈው ገና ልጅነቷን ካልጨረሰች፣ ከገጠር ከመጣች ልጅ ጋር ነው። እሷ ብዙ ጨዋታ ታውቃለች፤ ያደገችው ታናናሾቿን አዝላ ነው። ግን የምትመዘነው በንጹሕ ወለል ነው፤ ልጁ ዱቄት ከነዛ የምትቆጣው እሷ ናት። ወላጅ በግልጽ «ዛሬ ቤቱ ቢዝረከረክ ግድ የለም፣ አጫውቺው» ቢላት፣ በምሽትም «ዛሬ ምን ተጫወታችሁ?» ብሎ ቢጠይቃት፣ ከየትኛውም መጫወቻ የበለጠ ነገር ገዛ ማለት ነው።

አንዳንድ ልጅ ከላይ የተዘረዘሩትን ሁሉ ይሸሻል። 18 ወር ሞልቶት የማይራመድ፣ በጣቱ የማያመለክት፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ከሆነ «አባቱም እንዲሁ ነበር» ብሎ ከመተው ጤና ጣቢያ መሄድ ይሻላል። ከእነዚህ ምልክቶች አንዳንዶቹ የኦቲዝም ሊሆኑ ይችላሉ። በአገራችን ስለ ኦቲዝም በግልጽ መነገር የጀመረው ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንንና የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲመሠርቱ ነው፤ ከዚያ በፊት እነዚህ ልጆች ከበር ኋላ ነበሩ። ለእነሱም ጨዋታ አለ፤ ፍጥነቱና መንገዱ ይለያል እንጂ።

የክረምቱ ነገር ይቀራል። ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃው ከፎቅ አያስወርድም፤ ልጁም ሞግዚቷም አንድ ክፍል ውስጥ ይሰለቻቻሉ። ለዚህ አዲስ ግንባታ አያስፈልግም። ኮንዶሚኒየሞች ሲታነጹ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለበግ ማረጃና ለድግስ የታሰበ የጋራ መገልገያ ቤት አብሮ ተሠርቷል፤ ብዙ ቦታ ተቆልፎ ወይም ለመጋዘን ተከራይቶ ይገኛል። በሳምንት ሁለት ጠዋት ተጠርጎ፣ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ጥቂት ሳፋና ኩባያ፣ የጨርቅ ኳስና ካርቶን ገብቶበት፣ የየብሎኩ ሕፃናት ከሞግዚቶቻቸውና ከአያቶቻቸው ጋር ቢሰበሰቡ፣ ግቢው በከፊል ተመለሰ ማለት ነው። አያቶቹ ተረት ያውቃሉ፣ ሞግዚቶቹ ጨዋታ ያውቃሉ። ወጪው የምንጣፍና የሳሙና ነው፤ ውሳኔው የክፍለ ከተማውም የሚኒስቴሩም አይደለም፣ በቤት ባለቤቶች ማኅበር አንድ ስብሰባ ላይ በእጅ ብልጫ የሚያልቅ ነው።